የመንገድ መሪያችንን በቤቱ ስናስታምም

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖርና ቅዳሜ ማለዳ እየተገናኘን በእግር የምንጓዝ የኢትዮጵያውያን ቡድን አለን። አብዛኞቻችን የተዋወቅነው በቴሌግራም ነው፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ሲያትልና ወደ ዴንቨር የተዛወሩት፣ ጠቅልለው አዲስ አበባ የገቡትም ከቡድኑ አልወጡም። በሜሪላንድ በኩል ያለውን የቢሊ ጎት ዱካ፣ በቨርጂኒያ በኩል ያለውን የኦልድ ራግ ተራራ ያስተዋወቀን፣ የትኛው ድንጋይ በዝናብ እንደሚያዳልጥና ውኃ የት እንደሚገኝ የሚነግረን አንድ ጓደኛ ነበረን። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ትዳር ያልመሠረተ፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ብቻውን የሚኖር የታክሲ ሹፌር ነበር፤ እናቱና ታላቅ ወንድሙ ደሴ ናቸው። ሁልጊዜ ከፊት የሚሄደው ሰው ወደ ኋላ መቅረት ሲጀምርና ጀርባውን እያመመው ክብደቱ ሲቀንስ ሁላችንም የሥራ ድካም ነው አልን። በሚያዝያ ወር ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ሆስፒታል ሲገባ የቆሽት ካንሰር ተገኘበት፤ ወደ ጉበቱም ተሰራጭቶ ነበር። ሐኪሞቹ እንደማይድንና ኬሞቴራፒው ጥቂት ጊዜ ከመጨመር ያለፈ ነገር እንደማያደርግ በግልጽ ነገሩት። ቤተሰቡ ሩቅ የሆነ ሰው በስደት አገር እንዲህ ሲታመም ጓደኞቹ የሚችሉትንና የማይችሉትን አስቀድመው ቢያውቁ ከብዙ ግራ መጋባት ይድናሉ ብዬ ስለማምን ያሳለፍነውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመደባበቅ አለፉ። ወንድሙ ከደሴ እየደወለ «ተስፋ እንዳይቆርጥ ቁርጡን አትንገሩት» ይለን ነበር፤ ያለው ከፍቅር እንደሆነ እናውቃለን፤ በአገራችንም ለሕመምተኛ ክፉ ዜና አይነገርም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሐኪሙ የሚናገረው በቀጥታ ለሕመምተኛው ስለሆነ ጓደኛችን ነገሩን ከማናችንም በፊት ሰምቶታል። እኛ ኮሪደር ላይ እናንሾካሹካለን፤ እሱ ደግሞ እኛን ላለማሳዘን ዝም ይላል። በመጨረሻ አንድ ምሽት ስድስት ሰባት ሆነን በተሰበሰብንበት «የታመምኩት እኔ ነኝ፤ ስለ እኔ ውጭ ቆማችሁ ከምታወሩ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣችሁ አውሩ» አለን። ከዚያ በኋላ የሚፈልገውን በዝርዝር ተናገረ፤ እስከ መጨረሻው በቤቱ መቆየት፣ ሕመሙ እንዲታገሥለት፣ ቅጠሉ በሚቀላበት በጥቅምት ወር በቨርጂኒያ ያሉትን የሸናንዶዋን ተራሮች አንድ ጊዜ ማየት፣ እናቱም ነገሩን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሱ አፍ እንዲሰሙ ማድረግ። አንዷ እህታችን በወረቀት ጻፈችው። በቀጣዮቹ ወራት አንድ ነገር ሲያከራክረን ወደዚያ ወረቀት እንመለስ ነበር፤ ብዙ ጭቅጭቅ የቀረልንም በእሱ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው አእምሮው የጠራና አንደበቱ የተፈታ ሳለ ምን እንደሚፈልግ ጠይቁት። ጥያቄው ያሳዝነዋል ብላችሁ አትፍሩ፤ የእኛ ጓደኛ ከዚያ ምሽት በኋላ ቀለል ብሎት ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠናቀቅ ያለበት የሰነድ ጉዳይ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ ሰው ራሱን ስቶ መወሰን ሲያቅተው ቅድሚያ የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጆች፣ ለወላጆችና ለእህት ወንድም ነው፤ ዐሥር ዓመት አብሮት ተራራ የወጣ ጓደኛ ከዝርዝሩ መጨረሻ ነው የሚገኘው። ስለሆነም ሕመምተኛው በእሱ ፋንታ ስለ ሕክምናው የሚወስን ሰው በጽሑፍ መሰየም አለበት። ይህ የሕክምና ውክልና በቨርጂኒያ ሁለት ምስክሮች ፊት ሲፈረም ይጸናል፤ ኖተሪ (ፊርማን በሕግ የሚያረጋግጥ ሰው) አያስፈልገውም። ቀብሩን የሚያስፈጽም ሰው የሚሰየምበት ወረቀት ግን የተሰየመው ሰው መቀበሉን በጽሑፍ የገለጸበትና በኖተሪ የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስለሆነ ልብ በሉ። በሌላ ግዛት የምትኖሩ ሕጉ ስለሚለያይ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ጠይቁ። ሕመምተኛው እንግሊዝኛ ቢችልም እንኳ እንዲህ ላለው ንግግር አስተርጓሚ ጠይቁለት፤ ሆስፒታሉ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ የጭንቅን ነገር ደግሞ ሰው በደንብ የሚረዳው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው።

ቀጥሎ ገንዘብ ነው። ታክሲ ካልነዳ ገቢ የለውም፤ የቤት ኪራዩ ግን አይቆምም። የቆሽት ካንሰር የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ማመልከቻቸውን በተፋጠነ መንገድ ከሚያይላቸው ሕመሞች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ማመልከቻው ቢጸድቅም የአካል ጉዳት ክፍያው የሚጀምረው ከአምስት ሙሉ ወራት ጥበቃ በኋላ ስለሆነ ምርመራው እንደታወቀ በዚያው ሳምንት ማመልከት ይገባል። ለሕክምናው፣ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሜዲኬድ የተባለውን የመንግሥት የጤና መድን ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ጎልማሶች ስላሰፋች ሥራ ሲያቆም በዚያ ተሸፈነ። በቡድናችን በኩል ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የተለያዩ የእርዳታ ማሰባሰቢያዎች ተከፈቱ፤ አንዱን የከፈተው የቡድናችን አባል፣ ሌላውን የሥራ ባልደረባው ነበር። ሁለቱም በቅንነት ያደረጉት ቢሆንም ሰዎች የትኛው እውነተኛ እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ፤ ጥያቄው እሱ ጆሮ ሲደርስም በጣም አዘነ። ሁለቱ ተነጋግረው አንዱ ተዘጋ፣ ሂሳቡን ሦስት ሰዎች እንዲያዩት ተደረገ፣ ለኪራይ፣ ለስልክና ለእናቱ የተላከው እየተዘረዘረ በየሳምንቱ ለአባላት ይነገር ጀመር። አንድ ነገር ልጨምር፤ ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን ድጎማ የሚያመለክት ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ሊኖረው አይችልም፤ ስለዚህ የተሰበሰበው ገንዘብ በማን ስም እንደሚቀመጥ ከመጀመሩ በፊት አዋቂ አማክሩ።

በበጋው ማብቂያ ኬሞቴራፒው እንዳልሠራ ታወቀ። ሐኪሙ ሆስፒስ የሚለውን ቃል፣ ማለትም በሽታውን ማዳን ቀርቶ ሕመሙን ማስታገስ ላይ የሚያተኩረውን የመጨረሻ ጊዜ እንክብካቤ፣ ሲያነሣ ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁላችን ደነገጥን። በእኛ ማኅበረሰብ ሆስፒስ ማለት ሰውን ለሞት አሳልፎ መስጠት፣ ከዚያም አልፎ በመርፌ ማፋጠን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ከመካከላችንም «እምነት የለንም ወይ» ብሎ የተቆጣ ነበር። ጓደኛችን ራሱ ነርሷን አስጠርቶ አንድ በአንድ ጠየቃት። መልሷን እናንተም ብታውቁት ይበጃል። ሆስፒስ የሚፈቀደው ሕመሙ በተለመደው መንገዱ ከሄደ ሰውየው ከስድስት ወር የበለጠ እንደማይቆይ ሁለት ሐኪሞች ሲያረጋግጡ ነው፤ ሕመምተኛው ሐሳቡን ከቀየረ በማንኛውም ቀን መተው ይችላል። የግድ ወደ ሌላ ቦታ አይወሰድም፤ ነርስ፣ ገላ የምታጥብ ረዳት፣ ሶሻል ወርከርና ሐኪም ወደ ቤቱ ይመጣሉ፤ የሆስፒታል አልጋ፣ ዊልቸር፣ ኦክስጅንና ለሕመሙ የሚያስፈልገው መድኃኒት ይመጣለታል፤ በሌሊትም የሚመልስ ስልክ አለ። ጸሎትና ጠበል የሚከለክል የለም። በቤቱ መቆየት የሚለው የመጀመሪያ ምኞቱ የተፈጸመው በዚህ መንገድ ነው። እኔ የምቆጨው ሆስፒስን ከወር በፊት የሚያስረዳን ሰው ባለማግኘታችን ብቻ ነው፤ በዚያ ወር በሕመም ምክንያት ደጋግሞ ድንገተኛ ክፍል ተመላልሷል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ክፍተት አለ። የሆስፒስ ነርስ በሳምንት ጥቂት ጊዜ መጥታ የምትሄድ እንጂ ቤት ውስጥ የምትውልና የምታድር አይደለችም። ቀኑንና ሌሊቱን አጠገቡ የሚሆነው ቤተሰብ ነው፤ ቤተሰብ ከሌለ ጓደኛ ነው። የአሜሪካው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ ደግሞ ከሥራ የሚያስቀረው የትዳር ጓደኛን፣ ልጅንና ወላጅን ለማስታመም እንጂ ለጓደኛ አይሠራም። በረዥም መንገድ ላይ ለከባዱ ሸክም ተራ እንደምንገባው ለሌሊቱም ተራ ገባን። በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት ቀን፣ ቀን የሚሠሩት ሌሊት፣ የዓርብና የቅዳሜ ሌሊት ደግሞ ልጆች ላሏቸው። አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ሌሊት በላይ እንዳያድር ቆረጥን፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ልሂድ ልሂድ ይላል፣ በአምስተኛው ሳምንት የሚቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ይታመማሉ። ተራ የማውጣቱን ሥራ ለአንዲት ሴት ብቻ ሰጠናት፤ ማንም ለሕመምተኛው ቀጥታ እየደወለ «ምን ላድርግልህ» አይልም፤ ወደ እሷ ይደውላል። ይህ ጥያቄ ደግ ይመስላል እንጂ ለደከመ ሰው ሥራ ነው። «ረቡዕ ማታ ልብስህን ወስጄ አጥቤ አመጣለሁ» የሚለው ይሻላል፤ ያንን ሲሰማ የሚመልሰው «እሺ» ብቻ ነው። ተረኞቹ በጣም የሚደክሙበት ጊዜ ቢመጣ ሆስፒሱ ሕመምተኛውን እስከ አምስት ቀን ድረስ በተቋም አቆይቶ አስታማሚዎቹን እንደሚያሳርፍም እወቁ፤ እኛ አልተጠቀምንበትም እንጂ መኖሩ ብቻ አበርትቶናል።

ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የሆነውን ሞርፊንን በተመለከተ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ያለ ምክንያት ሰው ሲሠቃይ ያየሁት በዚህ ነውና። አንዳንዶቻችን ሱስ ይሆንበታል ብለን፣ ሌሎች ደግሞ ያፋጥነዋል ብለን ፈርተን መድኃኒቱን «ትንሽ ይቆይ» እያልን እናዘገይ ነበር። ነርሷ ያስረዳችን እንዲህ ነው፤ ለሕመም በታዘዘው መጠን፣ በታዘዘው ሰዓት የሚሰጥ ሞርፊን ሰው አይገድልም፤ ሕመሙ ከበረታ በኋላ ከመስጠት ሳይበረታ በሰዓቱ መስጠት ይሻላል፤ በመካከል ሕመሙ ቢነሣ የሚጨመር ሌላ መጠን አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያንቀላፋዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። የሆድ ድርቀቱ ግን ስለማይለመድ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አልጋው ራስጌ አንድ ደብተር አስቀመጥን፤ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ማን ሰጠ የሚለው ይጻፍበታል፤ ተረኛ ሲለዋወጥ ደብተሩን አንብቦ ይረከባል። መድኃኒቱ በሚቆለፍ ሳጥን ይቀመጥ፤ መጠኑን ደግሞ ነርሷ ሳታውቅ ማንም እንዳይቀይር። ትንፋሽ ሲያጥረውም ትንሽ ማራገቢያ ፊቱ ላይ ስናደርግለት ምን ያህል እንደሚቀለው አይተናል።

ምግብና ጠያቂም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። እንደ ባህላችን ሁሉም ዶሮውንም አጥሚቱንም ይዞ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ የሚችለው ጥቂት ማንኪያ ነው። አንዲት ትልቅ እናት «ብላ እንጂ ልጄ፣ ሳትበላ እንዴት ትድናለህ» እያሉ ሲለምኑት ለእሳቸው ሲል ይውጣል፣ እንደወጡ ያስመልሰዋል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው የሚከሳው ባለመብላቱ ሳይሆን ሕመሙ ምግቡ ሰውነቱን እንዳይጠቅመው ስለሚያደርግ ነው፤ ማስገደድ ሥቃይ ይጨምራል። ለእኒያ እናት ይህን የነገራቸው ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ነው፤ «እትዬ፣ ምግቡን ለአስታማሚዎቹ ይስጡልን፣ ለእሱ አጠገቡ ተቀምጠው ስለ ደሴ ያጫውቱት» አላቸው፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጡ ስለ ጦሳ ተራራና ስለ ልጅነታቸው ያጫውቱት ነበር። የጠየቃ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው ያልበለጠ፣ ልቅሶም ከክፍሉ ውጭ እንዲሆን ወስነን በሩ ላይ በትሕትና ጻፍን። የተቀየመን ሰው አለ። ቅያሜውን ተሸክመን ወረቀቱን አላነሣንም።

ለተራራው ጉዞ ጓደኛችን «ትንሽ ሲሻለኝ» ይል ነበር። ነርሷ ግን ለብቻችን ሳይሆን እሱ ባለበት «የሚሻልህን ቀን ከምትጠብቅ የዚህን ሳምንት ረቡዕ ውሰድ» አለችው። ነገሩን የለወጠው ይህ ምክር ነው። በሆስፒስ ያለ ሰው ከቤት እንዳይወጣ የሚከለክለው ደንብ የለም፤ ከቻለ ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ በጥቅምት በሸናንዶዋ ተራሮች ላይ የሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ የተባለ መንገድ በመኪና ስለሚጨናነቅ ከሳምንቱ መካከል መረጥን። በቶርንተን ጋፕ በር ስንገባ ለቋሚ የአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን የዕድሜ ልክ የመግቢያ ካርድ በነጻ አወጣን፤ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች የሚሰጥ ሲሆን መታወቂያና በሐኪም የተፈረመ ማስረጃ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ በመኪናው ያለነውም ሁላችን በእሱ ካርድ ገባን። መንገዱ 105 ማይል ርዝመት ያለው ጠመዝማዛ ነው፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም። ነርሷ እንዳዘዘችው የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሣታችን በፊት ወሰደ፤ ሞርፊኑን፣ ለድንገተኛ ሕመም የሚጨመረውን መጠን፣ ብርድ ልብስና ሁለት ትራስ ያዝን። በማይል 43 አጠገብ ሊምበርሎስት የሚባል ከአንድ ማይል ትንሽ የሚበልጥ ዙሪያ መንገድ አለ፤ ሜዳና በደንብ የተደለደለ ጠጠር ስለሆነ ዊልቸር ያስኬዳል። ቀድሞ ለእኛ በጣም ቀላል ነው እያለ አያስገባንም ነበር። አራት ሆነን እየተቀባበልን ገፋነው፤ እሱ እንደ ልማዱ የት ላይ እንደምናርፍ ይነግረናል። ከዚያ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ከአንዱ የማያ ቦታ የሸናንዶዋን ሸለቆ ረዥም ሰዓት አየ። ወደ ቤት ስንመለስ በጣም ስለደከመ ሁለት ቀን ተኝቶ አሳለፈ፤ እንዲህ እንደሚሆን ነርሷ አስቀድማ ስለነገረችን አልደነገጥንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢሆን ከአልጋ መውረድ አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ ምኞት ያለው ሰው በእጃችሁ ካለ ቀኑን ዛሬውኑ ቁረጡ፤ መንገዱ በጣም ከራቀም በሜሪላንድ በኩል ያለው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር መንገድ 184 ማይል ተኩል ሙሉ ሜዳ ስለሆነ ከከተማው ሳትርቁ ወንዝና ዛፍ ታሳዩታላችሁ።

በአካል መምጣት ያልቻሉት አባላት ምን ያድርጉ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም «አይዞህ፣ ትድናለህ» የሚል መልእክት ይልኩለት ስለነበር ለሁሉም እመልሳለሁ ብሎ ይጨነቅ ነበር። በኋላ እሱ ራሱ ሐሳብ አቀረበ፤ ቅዳሜ የምትሄዱበትን መንገድ አንድ ደቂቃ ብቻ ቅረጹልኝ፣ አትናገሩበት፣ የእግራችሁንና የወፉን ድምፅ ብቻ ልስማ አለ። ከሲያትል የሬይኒየር ተራራ በረዶ፣ ከዴንቨር የሮኪ ተራሮች፣ ከአዲስ አበባ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ መጣለት። ከላይ «መልስ አያስፈልግም» ተብሎ ይጻፍበታል። እሱ በፈንታው የሚያውቃቸውን መንገዶች ሁሉ በድምፅ መቅዳት ጀመረ፤ የት እንደሚቆም፣ ለጀማሪ የትኛው እንደሚሻል፣ በክረምት በረዶ የት እንደሚጠና እያብራራ። ማታ ማታ ጉልበት ሲያገኝ የሚሠራው ሥራ ይህ ሆነ። የታመመ ሰው የሚሰጠው ነገር እንዳለው አትርሱ፤ ጫማውንና ድንኳኑን እንኳ ለማን እንደሚሰጥ መርጦ በእጁ አስረከበ።

ለእናቱ የነገራቸው ከተራራው በተመለሰ በሳምንቱ ነው። እዚህ ጠዋት ሲሆን በደሴ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወንድሙና የሰፈራቸው አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው እንዲሆኑ አስቀድመን ተነጋግረን ነበር። እናቱ ካለቀሱ በኋላ «ከእኔ ካልደበቅኸኝ አብሬህ ነኝ» አሉት፤ ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ በቪዲዮ እየደወሉ ይመርቁት ነበር። ቄሱንም ሳይዘገይ መጥራት ጥሩ ነው። የንስሐ አባቱ መጥተው ቀንዲል አስደረጉለት፤ መዋጥ ሳያቅተውም ቆረበ። ብዙዎች ካህን የሚጠሩት በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ ይህ ሳይደርስ ይቀራል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው እውቀት ጥቂት ነው። ነርሷ ምን እንደምናይ አስቀድማ ነገረችን፤ ብዙ ይተኛል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ እየቆመ ይቀጥላል፣ ጉሮሮው ድምፅ ያሰማል፤ አፉን በእርጥብ ስፖንጅ ማራስ ይበቃል። ልቡ ሲቆም የማስነሣት ሙከራ እንዳይደረግ የሚያዘውንና እሱና ሐኪሙ የፈረሙበትን ሰነድ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፈን ነበር። እንዲህ ያለ ሰነድ ሳይኖር 911 ከተደወለ የሚመጡት ሠራተኞች ደረቱን ከመጫን ወደ ኋላ አይሉም፤ ስለዚህ ተረኛው ሁሉ የሚደውለው ወደ ሆስፒሱ ስልክ እንደሆነ በትልቁ ጽፋችሁ አስቀምጡ። በኅዳር አንድ ሌሊት ሁለት ጓደኞቻችን አጠገቡ ሳሉ አረፈ። ነርሷ መጥታ አረጋገጠች፣ የተረፈውን ሞርፊን በምስክር ፊት አስወገደች፣ የቀብር አስፈጻሚውን ጠራች።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ዝም ማለት ነው። በደሴ ሽማግሌዎቹ ለእናቱ መርዶ እስኪነግሩ ድረስ ማንም በፌስቡክ ፎቶውን እንዳይለጥፍ፣ «ነፍስ ይማር» እንዳይል ተማምነን ነበር፤ ሁሉም ጠበቀው። እናት የልጇን ሞት ከስልክ ላይ እንዳታነብ ይህን ቀድማችሁ ተማማሉ። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት እንዲሄድ ስለፈለገ የሞት ምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ መድኃኒት የተደረገለት ስለመሆኑና ተላላፊ በሽታ እንደሌለበት የሚገልጹ ደብዳቤዎች፣ ከዚያም የኤምባሲው ፈቃድ አስፈለጉ፤ የአካባቢው የቀብር አስፈጻሚዎች ሥራውን ለምደውታል። የሞት ምስክር ወረቀቱን በርከት አድርጋችሁ አውጡ፤ ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ አከራዩም ይጠይቃል። የዕድሩን መዋጮ በታመመበት ጊዜ ሳናቋርጥ ስንከፍልለት ስለቆየን የወጪውን ትልቅ ክፍል ዕድሩ ሸፈነ። ሬሳው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ በረራ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በመኪና ደሴ ደረሰ።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር ከዚህ በኋላ መጣ። ለወራት ሌሊት ሲያድሩ የነበሩት ሰዎች ሥራው ሲያልቅ እንቅልፍ አጡ፤ ቅዳሜ ሲመጣ ከቤት መውጣት ያቃታቸውም ነበሩ። ሆስፒሱ ከሞት በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለሐዘንተኞች የምክር አገልግሎት በነጻ ይሰጣል፤ የሚደውሉት ግን ስማቸው በመዝገቡ ላለ ሰዎች ነው። የእኛ መዝገብ ላይ የነበረው የአንድ ሰው ስም ብቻ ስለነበር የሌሎቹን ለማስጨመር መደወል ነበረብን። ሆስፒስ በሚጀመርበት ቀን ሶሻል ወርከሯ ከሕመምተኛው ጋር ያሉት እነማን እንደሆኑ ስትጠይቅ፣ ዘመድ ባይሆኑም እንኳ የሌሊት ተረኞችን ሁሉ ስምና ስልክ አስመዝግቡ።